የሥራ ፈቃድና የእውቀት ርክክብ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ሰበታን፣ ወደ አምቦና ወደ ነቀምቴ የሚወስደው ቡራዩን፣ ወደ ጎጃም የሚወስደው ደግሞ ሱሉልታን አቋርጦ ያልፋል። ሦስቱም ለብዙ ዘመን የገበያና የመንገደኛ ማረፊያ ሆነው ከቆዩ በኋላ፣ ዋና ከተማው ውኃና ቦታ ፍለጋ እጁን በዘረጋ ቁጥር የግድብ፣ የቢራ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የታሸገ ውኃ ሥራ ተተክሎባቸዋል። በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ውሳኔ ሸገር ከተማ በሚል ስም ከሌሎቹ ዙሪያ ከተሞች ጋር በአንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል።

በእነዚህ ከተሞች የውጭ አገር ዜጋ የሚሠራበት ፋብሪካ ሁሉ በአስተዳደር ክፍሉ ውስጥ ለብቻው የሚቀመጥ ማኅደር አለው። በውስጡም የፓስፖርት ቅጂ፣ የተረጋገጠ የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ውል፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ የሥራ ፈቃድና የመኖሪያ ፈቃድ ይገኛሉ። ማኅደሩ ስለ መጣው እንግዳ ብዙ ይናገራል፤ ከእንግዳው ስለ ተማረው ኢትዮጵያዊ ግን የሚናገረው ጥቂት ነው። የሥራ ፈቃድ ሕጋችን ግን ከመሠረቱ የቆመው በዚህ በሁለተኛው ሰው ላይ ነው። ሕጉ ለውጭ አገር ባለሙያ በሩን የሚከፍተው ለተወሰነ ጊዜና በአንድ ግዴታ ነው፤ ግዴታውም ሥራውን የሚረከብ ኢትዮጵያዊ ማብቃት ነው። ይህ ግዴታ በየዘመኑ እንዴት እንደ ተጻፈ፣ መቼ እንደ ተፈጸመና መቼ በወረቀት ላይ ብቻ እንደ ቀረ መመርመር ለመሐንዲሶች የታሪክ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የሙያቸው ጥያቄ ነው።

ከጋፋት እስከ ለገሐር

የውጭ አገር ባለሙያን አስመጥቶ የማሠራት አሳብ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሰበሰቧቸው አውሮፓውያን ለወንጌል ስብከት የመጡ የእጅ ሥራ አዋቂዎች ነበሩ፤ መድፍ የማፍሰስ ሙያ ይዘው የመጡ አልነበሩም። ንጉሡ ግን ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ እስኪወጣ ድረስ እየሞከሩ እንዲሠሩ አደረጓቸው። በ1858 ዓ.ም. ደግሞ ፍላድ የተባለውን ሚሲዮናዊ ወደ እንግሊዝ አገር ልከው ባለሙያዎች እንዲቀጠሩላቸው ጠየቁ። የተቀጠሩትም ከነመሣሪያቸው እስከ ምፅዋ ደርሰው ነበር፤ ነገር ግን በመቅደላ የታሰሩት አውሮፓውያን ስላልተፈቱ ወደ ውስጥ ሳይገቡ ተመለሱ። ሥራና ፖለቲካ በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ያሳየ የመጀመሪያው ትልቅ ምሳሌ ይህ ነው።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነገሩ መልክ እየያዘ ሄደ። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ሸዋ ገብቶ በድልድይ ሥራ፣ ለቤተ መንግሥቱ በተዘረጋው የውኃ ቧንቧና በኋላም በምድር ባቡሩ ጉዳይ አገልግሏል። በዚያን ጊዜ እንግዳ ሰው አገር የሚገባውና የሚሠራው በንጉሡ ፈቃድ ነበር። ወደ ቤተ መንግሥት ለሚቀርብ እንግዳም ባልደረባ ይታዘዝለት ነበር። ባልደረባው የእንግዳውን ጉዳይ ወደ ላይ ያደርሳል፤ የላይኛውን ቃል ወደ እንግዳው ያወርዳል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ማኅደር ይዞ የሚቆመው ጉዳይ አስፈጻሚ የዚያ ባልደረባ ሩቅ ዘመድ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ልዩነቱ ባልደረባው በእንግዳው ላይ የመንግሥት ዓይንም መሆኑ ነበር።

በ1886 ዓ.ም. ለምድር ባቡር ሥራ የተሰጠው ፈቃድ ዘመኑ 99 ዓመት ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የሐዲዱ ስፋት 1,000 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱም ከ780 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነበር። 99 ዓመት ማለት ፈቃዱን የሰጠውም የተቀበለውም ሰው ፍጻሜውን የማያይበት ዘመን ነው። ፍጻሜውን ማንም በማያይበት ውል ውስጥ ደግሞ ተተኪ የማሠልጠን ጥያቄ አጣዳፊ ሆኖ አይነሣም። ኢትዮጵያውያን በባቡሩ ላይ ሙያ መልመዳቸው አልቀረም፤ ድሬዳዋ የታወቁ ሜካኒኮችና የባቡር ሰዎች ከተማ ለመሆን የበቃችው በዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ይህ የሆነው በእጅና በዓይን በተለቀመ እውቀት፣ በሠራተኛው ትጋት ነበር።

በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የተፈረመው፣ በፈራሚው ስም የክሎቡኮቭስኪ ውል ተብሎ የሚታወቀው ስምምነት ጉዳዩን ይበልጥ አራቀው። በውሉ መሠረት የውጭ አገር ሰዎች የእርስ በርስ ክርክር በየቆንስላዎቻቸው የሚታይ ሆነ፤ ሌሎችም መንግሥታት የዚሁ ተጠቃሚ ሆኑ። አንድ መንግሥት በራሱ ዳኛ ፊት ሊያቆመው የማይችለውን ሰው፣ ማንን አስተማርህ፣ መቼስ ትሄዳለህ ብሎ ለመጠየቅ አቅም አይኖረውም። የሥራ ፈቃድ ታሪክ ከዳኝነት ሥልጣን ታሪክ ተለይቶ የማይታየውም ስለዚህ ነው።

ከነጻነት በኋላ

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገው ስምምነት የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች እንዲታይ ተወሰነ፤ ለጊዜው ግን የእንግሊዝ ዳኞች በችሎቱ እንዲቀመጡ የሚያስገድድ አንቀጽ ነበረበት። በዚያው ዘመን እንግሊዞች ጣሊያኖችን ከአገር ለማስወጣት ሲጣደፉ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የእጅ ሥራ አዋቂዎቹ እንዲቀሩለት ይፈልግ ነበር። ወራሪ ሆነው ከገቡት መካከል መካኒኩና ግንበኛው በሙያው ምክንያት ሠራተኛ ሆኖ ቀረ። አገሪቱ የሚያስፈልጋትን ሙያ በስም ለይታ፣ ይህ ይቅር፣ ያ ይሂድ ማለት የጀመረችበት ጊዜ ይህ ነው።

በቡራዩ በኩል የሚገኘው የገፈርሳ ግድብ የዚህ ዘመን ልጅ ነው። ግድቡ በ1930ዎቹ ተሠርቶ ኋላ ከፍ እንዲል ተደረገ፤ የውኃ ማጣሪያው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሥራ ጀመረ። ማጣሪያው በቀን 30,000 ሜትር ኩብ ውኃ እንዲያጣራ የታቀደ ነበር። ሲሠራ የውጭ አገር ሰዎች እጅ ነበረበት። ከብዙ ዓመታት ወዲህ ግን ግድቡን የሚጠብቁት፣ ማጣሪያውን የሚያንቀሳቅሱት፣ ቧንቧውን የሚጠግኑት ኢትዮጵያውያን ናቸው። ስለ ገፈርሳ የሥራ ፈቃድ ማንም ሲነጋገር አይሰማም፤ ርክክቡ ስለ ተፈጸመ ጥያቄው ራሱ ጠፍቷል። የተሳካ የእውቀት ርክክብ ምልክቱ ይኸው ነው።

በዚሁ ዘመን ሁለት ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ተተኪን በዕቅድ የማፍራት ትምህርት ሰጥተዋል። አንዱ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ነው። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ሲያበድር፣ መሥሪያ ቤቱ በአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ ባለሙያዎች መሪነት ሥራውን ጀመረ። ሰበታን አቋርጦ ወደ ጅማ የሚሄደው መንገድ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ነበር። አሜሪካውያኑ ከያዟቸው የኃላፊነት ቦታዎች ጋር ኢትዮጵያውያን እየተሠለፉ ከጊዜ በኋላ መሥሪያ ቤቱን በሙሉ ተረከቡ።

ሁለተኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። በ1937 ዓ.ም. መጨረሻ ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተፈረመው ውል መሠረት አብራሪዎቹም፣ የጥገና ባለሙያዎቹም፣ ሥራ አስኪያጁም አሜሪካውያን ሆነው በ1938 ዓ.ም. በረራ ተጀመረ። ነገር ግን ሥራው ወደ ኢትዮጵያውያን እጅ እንዲሻገር ከመጀመሪያው የታሰበ ስለ ነበር የጥገናና የበረራ ማሠልጠኛ ተከታትሎ ተከፈተ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። ከመጀመሪያው በረራ እስከዚያ ቀን 25 ዓመት አለፈ። ለባቡሩ 99 ዓመት የተፈቀደበት አገር ከዚያ እጅግ ረቂቅ የሆነውን ሥራ በዚያ ዘመን ሩብ ተረከበ ማለት ነው። ልዩነቱን ያመጣው የሰው ብልህነት ብቻ አልነበረም፤ በውሉ ጀርባ የቆመው ማሠልጠኛ ነበር።

በሰበታ በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ይህንኑ ጥያቄ ወደ ኢንዱስትሪ አመጣው። የቢራ ጠመቃ በአገራችን ከጠላ ጋር እኩል የቆየ እውቀት ቢመስልም፣ የፋብሪካ ጠመቃ የኬሚስትሪ፣ የማቀዝቀዣና የእንፋሎት ሥራ በአንድነት የሚያስተባብር ሙያ ነው። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያዎቹ የፋብሪካ ጠማቂዎች ከውጭ መጡ፤ ተተኪዎቻቸውም የንድፈ ሐሳቡን ትምህርት በአብዛኛው በውጭ አገር፣ በተለይም በጀርመን፣ ተምረው ተመለሱ። በ1956 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛን ግንኙነት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 210 ሲወጣ አገሪቱ የፋብሪካ ሠራተኛ የሚል የሕግ ቋንቋ አገኘች። በ1945 ዓ.ም. የተከፈተው የኢንጂነሪንግ ኮሌጅም በዚያን ጊዜ ምሩቃኑን እያወጣ ስለ ነበር፣ ተተኪ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ የአገር ውስጥ መልስ ማግኘት ጀመረ።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ

በጥር ወር 1967 ዓ.ም. ትላልቅ ፋብሪካዎች በመንግሥት ሲወረሱ ሜታ አቦም ከእነርሱ አንዱ ሆነ። በዚህ ጊዜ የውጭ አገር ባለቤቶችና ባለሙያዎች ብዙዎቹ ሄዱ። ርክክብ ሳይደረግ ቁልፍ ብቻ የተቀበሉ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችና ቴክኒሺያኖች መለዋወጫ በሌለበት፣ የውጭ ምንዛሪ በጠበበበት ዘመን ፋብሪካዎቹን አላቆሙም። የተሰበረውን እየበየዱ፣ የማይገኘውን ከአገር ውስጥ ብረት እየቀረጹ ማምረቱን አስቀጠሉ። ይህ የሙያ ገድል በቂ ታሪክ ጸሐፊ አላገኘም። ሆኖም ዋጋውም መረሳት የለበትም። ንድፉ የጠፋበት መሣሪያ እንደ ተበጀ ይሠራል እንጂ እንደ ታቀደ አይሠራም።

በዚያ ዘመን አዲስ የመጡት የውጭ አገር ባለሙያዎች በመንግሥታት መካከል በተፈረመ ስምምነት የመጡ ነበሩ። የሶቪየት መሐንዲሶች በመልካ ዋከና የውኃ ኃይል ማመንጫ፣ የቼኮዝሎቫኪያ ባለሙያዎች በሐረር ቢራ፣ ቻይናውያን ከወልድያ ወደ ወረታ በተዘረጋው መንገድ ሠርተዋል። ለእነዚህ ሰዎች አስመጪውም፣ ፈቃድ ሰጪውም፣ ባለቤቱም መንግሥት ስለ ነበር ጉዳዩ በቢሮ ደጃፍ የሚያንገላታ አልነበረም። የርክክቡም ጥራት በፕሮጀክቱ ኃላፊዎች ትጋት የተወሰነ ነበር።

የዛሬው ሕግ፣ ደረጃዎቹና ክፍያዎቹ

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል መዋዕለ ንዋይ እንደ ገና ሲፈቀድ የሥራ ፈቃድም በዝርዝር ሕግ ተደነገገ። አዋጅ ቁጥር 42/1985፣ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 377/1996፣ አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ መስመር ይከተላሉ። ይኸውም ማናቸውም የውጭ አገር ዜጋ በኢትዮጵያ ተቀጥሮ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ፈቃዱ ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ለሦስት ዓመት ይሰጣል፤ በየዓመቱም ይታደሳል። የውጭ አገር ዜጋው ለሥራው አስፈላጊ አለመሆኑ ሲረጋገጥ ፈቃዱ ሊሠረዝ ይችላል። ፈቃድ ለመስጠት፣ ለማደስና ለመተካት የአገልግሎት ክፍያ ይከፈላል።

የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ደግሞ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ባለሀብት ለከፍተኛ አመራር፣ ለቁጥጥር፣ ለአሠልጣኝነትና ለሌሎች የቴክኒክ ሥራዎች የውጭ አገር ባለሙያ መቅጠር ይችላል፤ ነገር ግን ተመሳሳይ ችሎታ ያለው ኢትዮጵያዊ አለመገኘቱ መረጋገጥ አለበት፤ ቀጣሪውም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ አስፈላጊውን ሥልጠና እየሰጠ እንግዳውን በኢትዮጵያዊ የመተካት ኃላፊነት አለበት።

ይህ ሕግ በአንድ ፋብሪካ ላይ ሲፈጸም መንገዱ እንዲህ ነው። ቀጣሪው በመጀመሪያ ሰውየው የሚፈለግበትን ሥራ ገልጾ ይጽፋል። ባለሙያው በተገቢው የመግቢያ ቪዛ ይገባል። የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃው በመጣበት አገር ከተረጋገጠ በኋላ በኢትዮጵያ ኤምባሲና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ይደገፋል። የሥራ ውሉ ከማመልከቻው ጋር ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይቀርባል፤ ጉዳዩ የኢንቨስትመንት ፕሮጀክት ከሆነ የኢንቨስትመንት ኮሚሽን በአንድ መስኮት ያስተናግደዋል። የሥራ ፈቃዱ ሲወጣ ማኅደሩ ወደ ኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ይሻገራል፤ የመኖሪያ ፈቃድም ይጠየቃል። አንዱ ወረቀት በሌላው ላይ የቆመ ነው። የሥራ ፈቃዱ ካልታደሰ የመኖሪያ ፈቃዱ አይታደስም፤ የፓስፖርቱ ዘመን ካጠረ ሁሉም ያጥራል።

ክፍያውም እንዲሁ በየደረጃው ነው። ለቪዛው፣ ለማስረጃው ማረጋገጫ፣ ለሥራ ፈቃዱና ለእድሳቱ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ በየራሱ ይከፈላል፤ ጊዜው ያለፈበት ሰው መቀጮ ይታከልበታል። ታሪፉ በየጊዜው በሚወጣ ደንብ ስለሚሻሻል ትናንት የተከፈለው ለነገ ማስረጃ አይሆንም። ፈቃዱ ከሥራውና ከቀጣሪው ጋር የተያያዘ በመሆኑ ወጪው የቀጣሪው መሆኑ ተገቢ ነው። ሆኖም ለቀጣሪው ይህ ሁሉ ገንዘብ ከአንድ የውጭ ባለሙያ ደመወዝ፣ ከመኖሪያ ቤቱና ከአውሮፕላን ትኬቱ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ክፍያ ብቻውን እንግዳውን በኢትዮጵያዊ ለመተካት አያስገድድም፤ የተከፈለበት ደረሰኝ የርክክብን ቦታ ሊይዝ አይችልም።

የሕጉ ዋና ጉልበት ያለው በእድሳቱ ቀን ነው። ሕግ አውጪው ፈቃዱን ለሦስት ዓመት ሰጥቶ በየዓመቱ እንዲታደስ ያዘዘው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ቀጣሪው ስለ ተተኪው እንዲጠየቅ ነው ተብሎ ቢተረጎም ከአዋጁ መንፈስ ጋር ይስማማል። ጠረጴዛው ላይ ግን ማኅተምንና ቀንን መመርመር ቀላል ነው፤ አንድ ወጣት መሐንዲስ የቦይለሩን መቆጣጠሪያ ብቻውን ማንቀሳቀስ መቻሉን መመርመር ከባድ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህን እንዲለይ መጠበቅም አይገባም። ሊለየው የሚችለው የሙያው ሰው ነው። በተተኪነት ስሙ የተጻፈ ኢትዮጵያዊ ንድፉን ካላየ፣ የአሠራር መመሪያውም በማያነበው ቋንቋ ተጽፎ በተቆለፈ ሣጥን ከተቀመጠ፣ ተተኪ ተብሎ መመዝገቡ ከስም አያልፍም።

የሰበታ ባቡርና የሰበታ እሳት

የዚህ ጥያቄ ትልቁ ፈተና በሰበታ ታየ። ከሰበታ ተነሥቶ በአዳማና በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ የሚደርሰው አዲሱ የባቡር መስመር ወደ 752 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚሠራውም በኤሌክትሪክ ነው። ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን የቻይና ምድር ባቡር ግሩፕ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሌላው የቻይና ተቋራጭ ሲ.ሲ.ኢ.ሲ.ሲ. ሠሩት፤ ከገንዘቡም አብዛኛው ከቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ የተገኘ ብድር ነው። መስመሩ በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ።

በዚያው ሰሞን ግን በሰበታና በአካባቢዋ የውጭ አገር ባለሀብቶች ያቋቋሟቸው ፋብሪካዎች በሕዝብ ቁጣ ተቃጠሉ። በመስከረም 22 ቀን በቢሾፍቱ በኢሬቻ በዓል ላይ የብዙ ሰው ሕይወት ማለፉ ቁጣውን አቀጣጠለው፤ ከሥሩም ከመሬታቸው ስለ ተነሡ ገበሬዎች ሲንከባለል የመጣ ጥያቄ ነበረ። ያ ሁሉ ከሥራ ፈቃድ ጉዳይ እጅግ የሰፋ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ያሳስባል። የፋብሪካው አጥር ባረፈበት መሬት የተወለደ ወጣት በውስጡ ዘበኛና ጫኝ ብቻ ሆኖ ከቀረ፣ መሣሪያው የእርሱ መሆኑ አይሰማውም። እውቀት የተካፈለ ሰው ግን መሣሪያውን እንደ ንብረቱ ይጠብቃል።

ባቡሩ በታኅሣሥ ወር 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር ሥራውን የሚመሩት ሁለቱ የቻይና ኩባንያዎች በውል የተሰጣቸው ዘመን ስድስት ዓመት ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ የባቡር ነጂው፣ የሲግናል ባለሙያው፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ኦፕሬተር፣ የጉዞ ተቆጣጣሪው በኢትዮጵያውያንና በጅቡቲያውያን እንዲተካ ታስቦ ነበር። የውሉ ዘመን አልቆ በ2016 ዓ.ም. ሥራው ወደ ባለቤቶቹ አገሮች ባለሙያዎች ተሻገረ። 99 ዓመት፣ 25 ዓመት፣ 6 ዓመት፤ ሦስቱ ቁጥሮች ሲደረደሩ አገሪቱ በእንግዳው ላይ የጣለችው የጊዜ ገደብ እንዴት እያጠረ እንደ ሄደ ያሳያሉ። ጊዜው ማጠሩ መልካም ነው፤ ሆኖም ስድስት ዓመት በከንቱ ካለፈ ረጅም፣ በትምህርት ካለፈ ግን በቂ ነው። ባቡር መንዳት በስድስት ዓመት ይለመዳል። የሲግናሉን ሶፍትዌር መለወጥ፣ የሎኮሞቲቩን መለዋወጫ በአገር ውስጥ ማምረት፣ አዲስ መስመር መንደፍ ግን ከነጂነት በላይ የሆነ ርክክብ ይጠይቃል፤ የሚቀረው ሥራም ይኸው ነው።

ሜታ አቦም በበኩሉ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በ2004 ዓ.ም. መንግሥት ፋብሪካውን ዲያጆ ለተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ225 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ቢ.ጂ.አይ. ተዛወረ። ከ50 ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ፋብሪካው ከግል ባለሀብቶች ወደ መንግሥት፣ ከመንግሥት ወደ አንድ የውጭ ኩባንያ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ተላልፏል። ባለቤት በተለወጠ ቁጥር አዲስ እንግዶች አዲስ ማኅደር ይዘው ይመጣሉ። ፋብሪካውን የሚያውቀው ግን በባለቤቶች መፈራረቅ መካከል በቦታው የቆየው ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ነው። የፋብሪካው እውነተኛ ማኅደር የእርሱ ማስታወሻ ደብተር ነው፤ እርሱ ጡረታ ሲወጣ ደብተሩ አብሮት ከሄደ ግን አገር ሁለተኛ ጊዜ ከስራለች።

ከእነዚያው ከተሞች የሚወጡት

የሥራ ቪዛ መንገድ ወደ ውስጥ ብቻ የሚያስገባ አይደለም። ከሰበታም፣ ከቡራዩም፣ ከሱሉልታም ብዙ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ ይሄዳሉ። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ጉዞውን ካገደ በኋላ አዋጅ ቁጥር 923/2008 እንደ ገና በሕግ ፈቀደው። በዚህ አዋጅ መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው፤ ተጓዡ ለፓስፖርት፣ ለሰነድ ማረጋገጫ፣ ለሕክምና ምርመራ፣ ከወንጀል ነጻ ለመሆን ማስረጃና ለመሳሰለው ይከፍላል። በብዙ የዐረብ አገሮች የመኖሪያ ፈቃዱ ከአሠሪው ስም ጋር የታሰረ ስለ ሆነ ከአሠሪው የተለየች ሠራተኛ ሕጋዊነቷንም ታጣለች።

ሁለቱ መንገዶች በአንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው። በአንዱ እዚህ የለም የተባለ ሙያ ይገባል፤ በሌላው ሙያ ያልተሰጠው ጉልበት ይወጣል። አዋጁ ሲወጣ ተጓዡ ስምንተኛ ክፍል እንዲጨርስና በሙያው ተፈትኖ የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ ጠይቆ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ የክፍል ደረጃውን ቢያስቀርም የሙያ ብቃት ጥያቄው አልቀረም። ሙያ ያለው ሰው በየትም አገር ውሉን የመደራደር አቅም አለው። ስለዚህ በፋብሪካው ውስጥ የሚፈጸም የእውቀት ርክክብ ለመሐንዲሱ ብቻ ሳይሆን በሩ ላይ ቆማ ፓስፖርቷን ለምትጠብቀው ወጣትም የሚበጅ ነው።

ለሙያ ማኅበራት የሚቀረው ሥራ

የሥራ ፈቃድ ታሪክ የሚያስተምረው ዋና ነገር ሕጉ እንዳልጎደለ ነው። በጋፋት ሕግ አልነበረም፤ በክሎቡኮቭስኪ ዘመን ሕግ ለማውጣት ሥልጣን አልነበረም። ዛሬ ሁለቱም አሉ። የሚጎድለው የተተኪውን ችሎታ የሚመሰክር የሙያ ሰው ነው፤ ይህም ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ይልቅ ከሙያ ማኅበራት የሚጠበቅ አገልግሎት ነው።

አሠራሩ የተወሳሰበ መሆን የለበትም። አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ሲመጣ የሚያስተምራቸው ተግባራት ዝርዝር ከሥራ ውሉ ጋር ይያያዝ። በእድሳቱ ጊዜ ተተኪው ኢትዮጵያዊ ከዝርዝሩ የትኞቹን ብቻውን እንደሚሠራ በፊርማው ያረጋግጥ፤ በሙያው የታወቀ ሌላ መሐንዲስም በቦታው ተገኝቶ ይመስክር። ንድፎችና የአሠራር መመሪያዎች ተተኪው በሚያነበው ቋንቋ መረከባቸው ይመዝገብ። ለተተኪውም ቢሆን የማይሠራውን እሠራለሁ ብሎ መፈረም ነውር መሆኑን ማኅበራት በሥነ ምግባር ደንባቸው ሊያጸኑት ይገባል፤ የሐሰት ፊርማ የእንግዳውን ፈቃድ ሲያራዝም የባልደረባን እንጀራ ያሳጥራልና።

የውጭ አገር ባለሙያ ጠላት አይደለም፤ ገፈርሳንም፣ አየር መንገዱንም፣ የጅማን መንገድም የጀመሩት እንግዶች ናቸው። እንግዳ ሲመጣ በክብር መቀበል፣ ሲሄድም ስንቅ ሰጥቶ መሸኘት የአገሩ ልማድ ነው። በኢንዱስትሪ ግን እንግዳው ከመሄዱ በፊት ስንቁን ለአስተናጋጁ ትቶ እንዲሄድ ሕግ አዟል። ትቶ መሄዱን የሚያረጋግጠው ከጎኑ ሆኖ የተማረው መሐንዲስ ነው።